ጾም የማያውቀው ሎሌ

የኪናንቲ እናት ውሃ የጠገበውን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። ከጫፉ ጠብ ጠብ ይላል። ኪናንቲ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ።

«አንብቢው» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ አሁን...»

«አንብቢልኝ እንጂ፣ ልስማ።»

ኪናንቲ ስልኩን አወጣች። «ዝናብ ሊዘንብ ነው፣ ልብስ አስገቡ» ይላል።

«እውነቱን ነው» አለች እናቷ ዩኒፎርሙን ባልዲ ውስጥ እየጨመቀች። «ትናንትም እውነቱን ነበር። ሎሌሽ መቼም አይዋሽም። የሚነግረን ግን ከረጠብን በኋላ ነው።»

ሎሌ የምትለው የኪናንቲ ስልክ ላይ ያለውን መተግበሪያ ነው። ይህ ከሆነ ያንን አድርግ ብለው ያዙታል፣ እሱም ሳያጉረመርም ያደርጋል። ጀምበር ስትጠልቅ የጥናት መብራቷን ያበራላታል። ጠዋት ጠዋት የዓሣ ገንዳው ላይ የተገጠመችውን ሣጥን ከፍቶ ምግብ ይበትናል፤ አንዳንዴ ተሳስቶ ሁለቴ ስለሚበትን ዓሦቹ እንደ ሎሚ ድቡልቡል ብለዋል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ኢድ ሲቃረብ ሰማራንግ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ የሚያሰፋው እሷ ጋ ብቻ ይመስል ቤቱ በጨርቅ ይሞላል፣ ያኔ ደግሞ ኪናንቲ የቤቱን ሥራ ለሎሌው ትታ ሶፋው ላይ ትንጋለላለች። ከሁሉም ትእዛዝ የምትወደው ግን እናቷ የማታውቀውን ነው።

ነገሩ የእማማ ነው። እማማ የእናቷ እናት ናቸው፤ ከከተማው ርቆ፣ ትምባሆ በሚተከልበት ተራራ ሥር ይኖራሉ። እኩለ ቀን ሲሆን የልጅ ልጃቸውን ሳይጠይቁ አይውሉም፦ «ምሳ በላሽ ወይ የኔ ልጅ?» መልስ ከዘገየ ለእናቷ ይደውላሉ። እናቷ የስፌት መኪናው ድምፅ ውጦባት ካላነሳች ለክፍል ኃላፊው መምህር ይደውላሉ። አንድ ቀን መምህሩ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መሃል ስልካቸውን አንስተው፣ «አዎ እማማ... እሺ... ቆይ ልጠይቅልዎት» ካሉ በኋላ ወደ ኪናንቲ ዞረው «በልተሻል?» አሏት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ስሟ ጠፍቶ «በልተሻል» የሚሏት ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም ድረስ ያልተዋት አለ።

የዚያኑ ቀን ሎሌውን አዘዘችው። ከእማማ መልእክት ሲመጣ እንዲህ ብለህ መልስ አለችው፦ «አዎ በልቻለሁ እማማ። ሩዝ በቴምፔ። እርስዎስ በሉ?» ቴምፔ፣ ያ የአኩሪ አተር ጥብስ፣ የዘወትር ምግባቸው ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም። የሎሌው መዘግየት እንኳን እዚህ ላይ ጠቀማት። «የኔ ልጅ አኝካ ሳትውጥ አትመልስም፣ ጨዋ ናት» ብለው እማማ ለሰው ሲያወሩ እንደነበር ሰምታለች። በጣም አራዳ የሆነች መሰላት። ወራት አለፉ።

ረመዳን ሊገባ ሲል መተግበሪያው መልእክት ላከ። ከአሁን በኋላ በነጻ የሚጠቀም ሰው ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ሁለቱን ይምረጥና የቀረውን ያጥፋ፣ አለዚያ ይክፈል።

«እማዬ፣ በወር እኮ ትንሽ ነው...»

«ለሎሌ ደመወዝ የለኝም» አለች እናቷ፣ መርፌ በጥርሷ ይዛ። «ይልቅ አንቺ በነጻ ብትሠሪልኝ ምን ይመስልሻል?»

ኪናንቲ ተቀምጣ አወጣች አወረደች። የዝናቡን አጠፋች፣ ለእሱ ማንም አላዘነም። የመብራቱን አጠፋች። የሙዚቃዋንም እያዘነች አጠፋች። ዓሦቹን ማስራብ ነውር ነው ብላ የእነሱን ተወች። ሁለተኛው ደግሞ የእማማ ሆነ። ለእሱ ማሰብም አላስፈለጋት።

የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤቱ ጸጥ ብሎ ዋለ። ካፍቴሪያው ተዘግቷል፣ ኳስ የሚጫወት የለም፣ ልጆች ጥላ ጥላውን ይዘው ተዘርረዋል። ኪናንቲ ግን ደስ ብሏታል። ባለፈው ዓመት ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የሥጋ ድብልብል ሾርባ ስትጠጣ ያገኟት እማማ ነበሩ፤ እነ ኪናንቲን ሊጠይቁ መጥተው መንገድ ላይ ነው ያዩዋት። አልተቆጧትም። የሻሻቸውን ጫፍ አንስተው አፏን ጠረጉላትና ዝም አሉ። የዚያ ዝምታ ነገር ዛሬም ፊቷን ያቀላዋል። ያን ቀን ራሷ ናት የማለችው፦ «በሚመጣው ዓመት አንድም ቀን አልገድፍም እማማ።» እሳቸውም «አምንሻለሁ» ብቻ ነበር ያሉት።

ስለዚህ ዘንድሮ ጉዳዩ የሆድ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ስልኳን ስትከፍት እንኳ ለማፍጠሪያ ምን ያህል ሰዓት እንደቀረ ለማየት ብላ ነበር።

«ምሳ በላሽ ወይ የኔ ልጅ?»

ከሥሩ ደግሞ በእሷ ስም፦ «አዎ በልቻለሁ እማማ። ሩዝ በቴምፔ። እርስዎስ በሉ?»

አጠገቡ ሁለት ምልክቶች አሉ። ደርሷል።

ረሃቡ ከሆዷ ብን ብሎ ጠፋ። ሎሌው ረመዳን መግባቱን ማን ነግሮት? መተግበሪያውን ከፈተችና ትእዛዙ ላይ አንድ ነገር ለመጨመር ሞከረች፦ ግን በጾም ወር አይደለም። አልቀበል አላት። እንዲህ ያለው ተጨማሪ ሁኔታ ለከፋዮች ብቻ ነው ይላል። «ከሆነ» በነጻ ነው፣ «ግን» በክፍያ ነው ማለት ነው። ትእዛዙን እንዳለ አጠፋችው። ከዚያ የእማማን ስልክ መጠበቅ ጀመረች።

አልደወሉም። እስከ ማፍጠሪያ አልደወሉም፣ ካፈጠሩ በኋላም አልደወሉም። ኪናንቲ በኮኮናት ወተት የተቀቀለውን ሙዝ በማንኪያ እያገላበጠች መልእክቱን ደግማ ደጋግማ አነበበች። ውሸቷን እንዴት እንደምታስተባብል ስታሰላ ነው ዓይኗ ከፍ ብሎ ጥያቄው ላይ ያረፈው።

ምሳ በላሽ ወይ?

እማማ? በረመዳን? ሰው ሁሉ በሚበላበት ወር እንኳ ሰኞና ሐሙስን የሚጾሙት እማማ ናቸው በጾሙ መጀመሪያ ቀን ምሳ በላሽ የሚሉት?

ማንኪያውን አስቀመጠች። ጎረቤታቸው ሽማግሌው ፓክ ካርዮ ትዝ አሏት። እሳቸውም ሲጀምራቸው ቀን ነበር የሚረሱት። በጁምዓ ቀን መስጊድ ቀረሁ፣ ሐሙስ መስሎኝ ይሉ ነበር፣ ሰውም ይስቅ ነበር። ኋላ ግን አንድ ጠዋት የራሳቸው ቤት መስሏቸው የእነ ኪናንቲን በር ከፍተው ገቡና እናቷን «አንቺ ማነሽ?» አሏት። ያን ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ምነው፣ አልጣፈጠሽም?» አለች እናቷ።

«ጠገብኩ» አለች ኪናንቲ።

ምናልባት ለአንድ ቀን የተሳሳቱ ይሆናል ብላ አደረች። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። መጣ። «ምሳ በላሽ ወይ የኔ ልጅ?» አንድም ፊደል አልተለወጠም። አልመለሰችም። እማማ ግን ለእናቷም ለመምህሩም አልደወሉም። ይሄ ደግሞ ከጥያቄው ይልቅ አስፈራት፤ የጠየቁትን ራሱን ረስተውታል ማለት ነው።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ለዳማር ደወለች። ዳማር የአክስቷ ልጅ ነው፣ ትምህርቱን ጨርሶ እማማ ግቢ ውስጥ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። እማማ ፊደል ስለማይለዩ ስልካቸው የሚውለው የእሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሚነግሩትን ይጽፍላቸዋል፣ የመጣውን ያነብላቸዋል።

«እማማ ደህና ናቸው?»

«ምን ይሆናሉ? አሁን ራሱ ዶሮ እያባረሩ ነው።»

«የሚረሱት ነገር አለ እንዴ?»

«እኔን መቆጣት አይረሱም።»

«ዳማር፣ የምሬን ነው። ትናንትና ዛሬ ምሳ በላሽ ወይ ብለው ላኩብኝ።»

በወዲያኛው በኩል መፍቻ ወደቀ።

«እ... ጾሙ ነዋ» አለ ዳማር። «ድካም ይሆናላ። አቦ አታካብጂው። ቆይ ደንበኛ መጣብኝ።» ዘጋው።

ዳማር ደንበኛ መጣ ብሎ ስልክ ዘግቶ አያውቅም። ደንበኛውን ትቶ ወሬ የሚያወራ ልጅ ነው። ያውቃል ማለት ነው፤ እማማ እየረሱ ነው፣ እሱም እየደበቀ ነው። ኪናንቲ እንባዋ መጣ። መንገድ ላይ ስለነበረች ዋጠችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ላይ አቀርቅራለች። መንገር አለባት፤ ቶሎ ከታወቀ ሐኪም ዘንድ ይወሰዳሉ፣ ፓክ ካርዮን የጎዳቸው ሁሉም አይቶ ዝም ማለቱ ነው። ለመንገር ግን ስልኩን ማሳየት ይኖርባታል። ስልኩ ላይ ደግሞ ከጥያቄው ሥር «አዎ በልቻለሁ» የሚል አለ። በሯን ዘግታ ተቀመጠችና አውራ ጣቷን መልሱ ላይ አኖረች። ይጠፋል። የእማማ ጥያቄ ብቻ ይቀራል፣ እሷም ንጹህ ትሆናለች።

ወደ ላይ ስትገፋው ግን የዚያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ አየች። ከትናንት በስቲያም ሩዝ በቴምፔ። ባለፈው ሳምንትም። በታመመችበት ቀን፣ በእረፍት ቀን፣ በልደቷ ቀን። ያንን ሁሉ አንድ በአንድ ብታጠፋ የእማማ ጥያቄ ብቻ ተደርድሮ ይቀራል፤ ለወራት ማንም ሳይመልስላቸው ሲጠይቁ የኖሩ ይመስላል። እሱ ደግሞ ከውሸቱ የባሰ ሆነባት፣ ምክንያቱም እውነት ነበር።

ተነስታ ሄደችና ስልኩን እንዳለ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው። «እማዬ፣ እይው። ከተቆጣሽ በኋላ ግን ለእማማ እንደውል።»

እናቷ መነጽሯን አስተካክላ ማንበብ ጀመረች። «ሩዝ በቴምፔ። ሩዝ በቴምፔ። ሩዝ...» ቀና አለች። «በልደትሽ ቀን ዶሮ አልነበር እንዴ የሠራሁልሽ?»

«እኔ አይደለሁም የመለስኩት። ሎሌው ነው።»

እናቷ አፏን ልትከፍት ስትል ኪናንቲ የመጨረሻውን ቀን በጣቷ አሳየቻት። እናቷ ጥያቄውን አነበበች፣ ቀኑን አየች፣ ፊቷ ልውጥ አለ። ቁጣውም ቀረ፣ ሙሽራዋም ተረሳች።

ደወለች፣ በምስል። ዳማር አነሳና ስልኩን ወደ እማማ አዞረው። እማማ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቴምር በሰሃን ያስተካክላሉ።

«እማ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ምነው ከማፍጠሪያ በፊት? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እማ... ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«የጾሙ ሁለተኛ ቀን ነዋ። ምነው፣ አንቺ ጠፋብሽ?» እማማ ወደ ስልኩ ተጠጉ። «ያንን መስፊያ ትንሽ ተይው ብዬሻለሁ። ሰው እንዲህ ነው የሚጀምረው።»

ኪናንቲና እናቷ ተያዩ።

«ትናንትም ዛሬም ለኪናንቲ ምሳ በላሽ ወይ ብለው ልከዋል እኮ።»

«እኔ? በረመዳን?» እማማ ቴምሩን ተዉት። «ከዚህ ልጅ ጋር ጾሙ ሊገባ ሲል ተነጋግረናል። ይሄን ወር አትጻፍ፣ ልጅቷን እየጾመች ምግብ አታስታውሳት ብዬዋለሁ። አላልኩህም ዳማር?»

ምስሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣሪያው ታየ፣ ቀጥሎ ዶሮ፣ ቀጥሎ የዳማር ግሪስ የነካው አገጭ።

«ስልኩን ቀጥ አድርገህ ያዝ» አሉ እማማ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማጥፋቱን ረስቼ ነው» አለ ዳማር ቃላቱ እየተጋፉ። «እኩለ ቀን ላይ እጄ ሁሌ ግሪስ ነው። በየቀኑ ጻፍልኝ ሲሉኝ... ራሱ እንዲልክ አደረግኩት። ባለፈው ኢድ ኪናንቲ ናት ያሳየችኝ።»

«እኔን ምን አገባኝ?» አለች ኪናንቲ።

«ራሱ ማን?» አሉ እማማ።

«ስልኩ።»

እማማ ስልኩን ትኩር ብለው አዩት። ኪናንቲ እፎይ አለች፤ እማማ አልረሱም፣ ምንም አልሆኑም። እዚያው ላይ ነገሩ ሊያልቅ ይችል ነበር። ዳማር ተይዟል፣ እናቷም አልተናገረች፣ ጥያቄው የማን እንደነበር እንጂ የመልሱን ነገር የሚያነሳ የለም።

«የኔዋ ልጅ ግን ትመልስ ነበር» አሉ እማማ ለዳማር። «አንተ አንድ መስመር መጻፍ ሲያቅትህ፣ እሷ ከትምህርቷ መሃል አንድ ቀን ሳታጓድል ነው የምትመልሰው። እፈር።»

እናቷ ወደ ኪናንቲ አላየችም። ጨርቁን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«እኔም አይደለሁም እማማ» አለች ኪናንቲ። «እኔም አልመለስኩም። የኔም ስልክ ነው። ትናንትም በልቻለሁ ያለው እሱ ነው።»

እማማ የቴምሩን ሰሃን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«እንግዲህ» አሉ እማማ በመጨረሻ፣ «ይሄን ሁሉ ወር የኔ ስልክ የአንቺን ስልክ ምሳ በላህ ወይ ሲለው ነው የኖረው።»

«አዎ እማማ።»

«የአንቺም ሩዝ በቴምፔ በልቻለሁ ሲለው።»

«አዎ።»

«ጥሩ ነው። እነሱ ቢያንስ ጠግበው ከረሙ።»

መጀመሪያ የፈነዳችው እናቷ ናት። የሙሽራዋን ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። እማማም ተከተሉ፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ድረስ። ዳማርም ቀስ ብሎ ሊቀላቀል ሞከረ።

«አንተ አትስቅ» አሉት እማማ እየሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ስልኩ ተጠጉ። «ትናንት በልተሽ ነበር?»

«አልበላሁም። ወላሂ አልበላሁም።»

«አምንሻለሁ።»

ኪናንቲ ቢቆጧት በወደደች። ከመስጊዱ የማፍጠሪያው ከበሮ ተመታ፣ አዛን ተከተለ፣ በዚያም በኩል በዚህም በኩል ሰው ወደ ውሃው እጁን ሰደደ። እማማ ሊዘጉ ሲሉ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀለል አድርገው፣ «እኔ እኮ መልስሽ ሲመጣ ዳማርን ሁለት ጊዜ ነበር የማስነብበው» አሉ። ስልኩ ተዘጋ። ኪናንቲ ቴምሯን ይዛ ቆየች።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ምንም አልመጣም። ዳማር ብቻ ጻፈላት፦ «የኔን አጥፍቻለሁ። አሁን ግሪሴን የምታጠበው በሳሙና ነው፣ እማማ ቆመው እያዩ።» ኪናንቲ የክፍሉ ጥግ ላይ ተቀምጣ መተግበሪያውን ከፈተች። የዓሦቹ ትእዛዝ ሥራ ላይ ነው። ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ፦ አንድ ትእዛዝ ይቀርዎታል፣ ይጨምሩ? ይላል። የጥናት መብራቷን አሰበች። ጨለማ ውስጥ እየዳበሱ ማብሪያ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያናድድ አሰበች።

«አሁን አይደለም» የሚለውን ነካች።

ከዚያ ወደ እማማ ገጽ ሄዳ የድምፅ መቅጃውን ተጫነች። ምን እንደምትል አላዘጋጀችም ነበር። «እማማ፣ እኔ ነኝ» አለች፣ ሰው እንዳይሰማት ወደ ግድግዳው ዞራ። «እኔ ራሴ ነኝ። ምሳ አልበላሁም። በጣም ነው የራበኝ፣ መምህሩ ስለ ክብ ሲያስረዱ እንኳ የታየኝ ዳቦ ነው። እርስዎስ?»

ላከችውና ጠበቀች። መልስ የለም። ዕረፍቱ አለቀ፣ ልጆች ገቡ፣ መምህሩ ከበሩ ታዩ። ሎሌው እንኳ እንዲህ አልዘገየም ብላ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ስትል ተንቀጠቀጠ። ድምፅ ነው። ቀነስ ማድረጉን ሳታስብ ተጫነችው።

መጀመሪያ ዶሮዎች ተሰሙ። ቀጥሎ ዳማር፣ «እሱን ተጭነው ይያዙ እማማ፣ አይልቀቁት» አለ። ከዚያ እማማ፣ ከሸለቆ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል በሙሉ ጉሮሯቸው፦

«እኔንም ርቦኛል የኔ ልጅ!»

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ከኋላ አንዱ፣ «በልተሻል፣ ተጠርተሻል» አለና ሁሉም ሳቀ። መምህሩም ቾካቸውን ይዘው ቆሙ፣ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ አለ።

«ጨረስሽ?» አሏት።

«አንዴ ብቻ መምህር» አለች ኪናንቲ። ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ሁለተኛ ጊዜ ሰማችው።